ማሳው «ይውለበለባል»፣ «ይዘናፈላል» ወይስ «ይናወጣል»?

የቢሾፍቱ ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ። አንድ ነገር ዳኙን። ከአድአ ለተቀረጸ አጭር ቪዲዮ የአማርኛ ጽሑፍ እየሠራሁ ነው። ጥቅምት መጨረሻ ላይ የተነሳ ነው። ጤፉ ዛላው ሞልቷል፣ ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ እየተሻገረ ነው፣ ንፋሱ ከአንዱ ጥግ ይነሳና ማሳውን እያጎነበሰ እያቀና እስከ ወዲያኛው ጥግ ይሄዳል። እኔ «ማሳው በንፋስ ይውለበለባል» ብዬ ጻፍኩ። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ «ባንዲራ መሰለህ እንዴ? ይዘናፈላል በለው» አለኝ። አለቃችን ደግሞ ቡናውን እንደያዘ መጣና «ይናወጣል ይሻላል፣ ኃይል አለው» ብሎ ሄደ። ሦስት ሰው፣ ሦስት ግስ። ሁሉም ያው ወዲያ ወዲህ ማለት አይደለም እንዴ? መዝገበ ቃላት ብገልጥ አንዱን በሌላው እየፈታ ያዞረኛል። ነገ ጠዋት ይለጠፋል፣ ድረሱልኝ።

ሎሚ ተራ፦
ባልደረባህ ልክ ነው። ይዘናፈላል። አለቃህን ግን ለምነው፤ ማሳ ተናወጠ ከተባለ ባለቤቱ መሬት ተንቀጠቀጠ ብሎ ከቤት ይወጣል 😂

አሮጌው አራሚ፦
ልጄ፣ ግሱን ከመምረጥህ በፊት ነገሩ በየት በኩል እንደተያዘ እይ። ግማሹ መልስ እዚያ ነው።

ባንዲራ በአንድ ጎኑ ከዘንጉ ጋር ታስሯል፣ ሌላው ጎኑ ነፃ ነው። ንፋስ ሲያገኘው ነፃው ጎን ይፈጥናል፣ ይታጠፋል፣ ይጮኻል። ያ ተውለበለበ ነው። የነጠላ ጫፍም ይውለበለባል። ገመድ ላይ የተሰጣ ልብስም እንደዚያው። እባብ ምላሱን ያውለበልባል፤ ግንዱ ተይዟል፣ ጫፉ ብቻ ነው የሚሮጠው። የቃሉን ፍሬ ማግኘት ከፈለግህ «ውልብ አለ» የሚለውን አስብ። በመስኮት በኩል አንድ ነገር ውልብ ሲል አይተኸው አላየኸውም፤ ታየና ጠፋ። ያ አንዱ ምት ነው። እሱኑ ደጋግመው፣ ተውለበለበ ይሆናል። ስለዚህ ውስጡ ፍጥነት አለ፣ መታየትና መጥፋት አለ። የአውሮፕላኑን ማራገቢያ ውልብልቢት ያሉት ሰዎች ጆሮ ነበራቸው።

ጤፍ ሌላ ነው። እግሩ መሬት ውስጥ ነው፣ ሸክሙ አናቱ ላይ ነው። ሲጎነብስ በክብደቱ ነው፣ ሲቀናም ቀስ ብሎ ነው። ተዘናፈለ የሚባለው ይሄ ነው፤ የተጫነ፣ የረዘመ፣ የማይቸኩል ነገር። ረጅም ጸጉር ይዘናፈላል። የፈረስ ጭራ ይዘናፈላል። አጭር የተከረከመ ጸጉር ቢሞት አይዘናፈልም፣ ምኑ ይዘናፈላል? ዘንፋላ የሚለውን ቅጽል ለአጭር ነገር ተናግሮ የሚያውቅ ሰው ካለ ይምጣ።

ተናወጠ ላይ ደግሞ የታሰረ ነገር የለም። ሙሉው ነገር ነው ከሥሩ የሚታወከው። ማቴዎስ 8 ላይ ታንኳይቱ በማዕበል ስትመታ «በባሕር ታላቅ መናወጥ ሆነ» ይላል። ነውጥ፣ ነውጠኛ የሚሉት ከዚያው ቤት ናቸው። አለቃህ ኃይል አለው ያለው እውነቱን ነው፣ ግን ኃይሉ የረብሻ ኃይል ነው። የደረሰ ማሳ ላይ ምን ረብሻ አለ?

የቢሾፍቱ ልጅ፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። «ነገሩ በየት በኩል እንደተያዘ እይ» የሚለውን ወስጃለሁ። ለአለቃዬ ሳልናገር ቀየርኩት፣ ይዘናፈላል ሆኗል።

የበቾ ሰው፦
ከተሜዎች ስለ ጤፍ ሲከራከሩ ማየት ደስ ይላል። አባቴ ገበሬ ነው፣ እኔም እስከ አሥረኛ ክፍል በማጭድ ነው ያደግሁት። አንድ የረሳችሁት ግስ አለ፣ እሱን ሳታውቁ ተዘናፈለን አታውቁትም። ጋሸበ።

ጤፍ አገዳው ቀጭን ነው። ዛላው ሲሞላ ይከብደዋል። ዩሪያ ከበዛበት ደግሞ ቁመቱ ይመዘዛል፣ አገዳው ግን ያው ቀጭን ነው። ከዚያ መስከረም ማለቂያ ወይ ጥቅምት ላይ ያልታሰበ ዝናብ ከንፋስ ጋር ይመጣል፣ ማሳው ሙሉ በሙሉ አንድ ወገን ይተኛል። አይነሳም። ጋሸበ የሚባለው እሱ ነው። የጋሸበ ጤፍ ማጭድ አይገባለትም፣ ጎንበስ ብለህ ከመሬት እየለቀምህ ነው የምታጭደው፣ ከሥር ያለው እርጥበት ስለሚይዝ ፍሬው ይጠቁራል። ነጭ ጤፍ ብለህ የዘራኸው ገበያ ላይ ነጭ አይባልልህም።

እና አባቴ ጠዋት ማሳው ዳር ቆሞ «እየተዘናፈለ ነው» ካለ ደስ ብሎታል ማለት ነው። ጎንበስ ብሎ ይነሳል ማለት ነው፣ ገና በእግሩ ነው ማለት ነው። በንፋሱ ማግስት አንዱን ዛላ በሁለት ጣቱ ይዞ ጫን ያደርገዋል፣ ይለቀዋል፣ ቀና ካለ ወደሚቀጥለው ያልፋል። እንደዚያ እያደረገ ዳር ዳሩን ይዞራል። በ1998 የወጣችውን ቁንጮ የምትባል የጤፍ ዝርያ እኛም ዘርተናታል፣ ምርቷ ጥሩ ነው፣ ግን ዝናብ ከመጣ እሷም ትጋሽባለች፣ ጤፍ ጤፍ ነው።

ስለዚህ ይዘናፈላል ያለው ልጅ ልክ ነው፣ ግን ያለምክንያት ልክ ነው 😄

ቆጣሪ፦
ቆይ ቆይ። ጋሸበ? የዋጋ ግሽበት የሚባለው ከዚህ ነው?

የበቾ ሰው፦
ከሌላ ከየት ይመጣል ታዲያ። ከልክ በላይ አደገ፣ ራሱን መሸከም አቃተው፣ ወደቀ።

ቆጣሪ፦
ባንክ ውስጥ ነው የምሠራው፣ በቀን ስንቴ እንደምጽፈው አትጠይቁኝ፣ ስለ ማሳ ግን አስቤ አላውቅም። የኛ ሰፈር ሌላም አንድ አለ፣ ዋዠቀ። «የምንዛሪ መዋዠቅ» እንላለን፣ መብራት ኃይሎችም «የኃይል መዋዠቅ» ይላሉ፣ ቤት ውስጥ አምፑሉ ደመቅ ደብዘዝ ሲል ማለት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪው ተመን ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ይቺ ቃል እንጀራዬ ሆናለች። ዋዠቀ ከተባለ ወጥቶም ወርዶም ነው እንጂ ዝም ብሎ የወጣ ነገር አይዋዥቅም። ብር ግን ሲዋዥቅ ወደ አንድ ወገን ብቻ ነው የሚዋዥቀው፣ በሰዋስውም በኑሮም ችግር አለው።

ሎሚ ተራ፦
ምንዛሪው ይዋዥቃል፣ ዋጋው ይጋሽባል፣ ደመወዛችን ብቻ ነው ንቅንቅ የማይለው።

ነገር በምሳሌ የማይገባው፦
እኔ ግን አልስማማም። ይሄ ሁሉ ትንተና ከቤት ወጥታችሁ ስትናገሩ አይሠራም። እናቴ ወሎ ናት፣ ዛፉም ይወዛወዛል፣ ባንዲራውም ይወዛወዛል፣ መጋረጃውም ይወዛወዛል፣ በሁሉም ትግባባለች። ቋንቋ የሕዝብ ነው፣ የአራሚ አይደለም። ተወዛወዘ በሉና ተገላገሉ።

አሮጌው አራሚ፦
እናትህ አልተሳሳቱም። ተወዛወዘ ሰፊ ነው፣ ወዲያ ወዲህ ላለ ነገር ሁሉ ይሆናል፣ ስለዚህ የማያጣላ ቃል ነው። ግን ሰፊ ስለሆነ ምንም አያሳይም። አንድ ምሳሌ ልስጥህ። በ2017 አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬቱ ሲንቀጠቀጥ አዲስ አበባ ፎቅ ላይ ያሉ ሰዎች ምን አሉ? «ፎቁ ተወዛወዘ» አሉ። ትክክል ናቸው፤ ሥሩ ቆሟል፣ ላዩ ሄዶ መጣ። መሬቱ ግን ተንቀጠቀጠ እንጂ ተወዛወዘ ያለ የለም፣ ዜናውም አላለም፣ እናትህም አይሉም። ወሬው አገሩን ሲያዳርስ ደግሞ አገር ተናወጠ ተባለ። በአንድ ቀን፣ በአንድ ነገር ላይ ሦስት ግስ፣ ማንም አራሚ ሳይጠራ። ሕዝቡ ራሱ ነው የሚለየው።

ነገር በምሳሌ የማይገባው፦
የፎቁን ተቀብያለሁ። የባንዲራውን አልቀበልም። የእናቴ ባንዲራ ይወዛወዛል።

መድረክ ጀርባ፦
ተወዛወዘ ከተነሳ እኔም ልግባ፣ ሙያዬ ነው። ውዝዋዜ የሚባለው እኮ ከዚያው ነው፣ የቴአትር ቤቶች ተወዛዋዥ የሚባለውም ሙያተኛ። ሀገር ፍቅር በለው ብሔራዊ፣ «የውዝዋዜ ቡድን» ነው የሚሉት። ግን አንድ የሚገርም ነገር አለ። እስክስታን አንወዛወዝም። እስክስታ ይወረዳል፣ እስክስታ ይመታል። «እስክስታ ተወዛወዘ» ካልክ ጎጃም ውስጥ ጠላ አይቀዳልህም። ምክንያቱ ይመስለኛል፣ እስክስታ ላይ ወገብ አይሄድም፣ እግር ብዙ አይሄድም፤ ትከሻው ነው ወደ ታች የሚመታው፣ ምት ነው፣ ከበሮው ጋር ነው የተያዘው። ውዝዋዜ ግን ሁሉንም የሚያጠቃልል ስም ሆነ፣ የጉራጌውንም የኦሮሞውንም የወላይታውንም።

ከዚህ ቤት ደግሞ ተውረገረገ አለ። እሱን በጥንቃቄ ተጠቀሙበት። አንድ ጋዜጠኛ ስለ ጓደኛችን መድረክ ላይ አገባብ ሲጽፍ «እየተውረገረገች ገባች» ብሎ ጻፈ፣ አድናቆት መስሎት ነው፣ እሷ ግን ስሙን ከስልኳ ሰርዛዋለች። ተውረገረገ ውስጥ የሚያይ ሰው አለ። ሰውነት ለሚያየው ሰው ሲንቀሳቀስ ነው። ተወዛወዘ ውስጥ ግን ማንም ላያይህ ይችላል።

ሕፃናት ክፍል፦
መድረክ ጀርባ የጻፍሽውን ሳነብ ሳቄን አልቻልኩም። እኔ ነርስ ነኝ፣ የኔ ግስ ተርገበገበ ነው። አዲስ የተወለደ ልጅ አናት ላይ አጥንቱ ገና ያልገጠመበት ለስላሳ ቦታ አለ አይደል፣ እናቶች እርግብግቢት የሚሉት። መዳፍህን ሳታስደግፍ ጣትህን ብቻ ቀስ አድርገህ ብታሳርፍበት ከሥሩ የደም ምቱን ትሰማለህ፣ ከፍ ዝቅ ይላል። ይርገበገባል። ስሙ ከግሱ ነው የወጣው። እኛ ሥራ ላይ ወደ ውስጥ ከሰረገደ ልጁ ፈሳሽ አንሶታል ብለን እንጠረጥራለን፣ ሳያለቅስ ከወጣና ከተወጠረም ሌላ ነገር እንጠረጥራለን፣ ሁለቱም ጊዜ ሐኪም ይጠራል። የፊተኛው ለስላሳ ቦታ አብዛኛውን ጊዜ ልጁ ዓመት ተኩል አካባቢ ሲሆነው ይገጥማል። አያቶች ቅቤ ጣል ሲያደርጉበት አንከለክልም ማለት አይቻልም፣ እንከለክላለን፣ አይሰሙንም።

ተርገበገበ ትንሽ ነው፣ ቶሎ ቶሎ ነው፣ ሕይወት ያለው ነገር ነው። የወፍ ክንፍ ይርገበገባል፣ የዓይን ሽፋን ይርገበገባል። ለሰው የሚርገበገብ ሰው ስንልም ልቡ ቅርብ የሆነ፣ ለሁሉም የሚሳሳ ማለታችን ነው። ባንዲራ ላይ ግን አልጠቀምበትም።

ሰሌዳና ጠመኔ፦
ፊዚክስ አስተምራለሁ። የዚህ ክር ትልቁ ነገር ማንም ሳያስበው አልፏል፣ ልናገር።

ማሳው ላይ ንፋስ ሲሄድ ከጥግ እስከ ጥግ የሄደው ምንድን ነው? ጤፉ አይደለም። እያንዳንዱ አገዳ ጎንበስ ብሎ ተመልሶ እዚያው ቦታው ላይ ነው። የሄደው ቅርጹ ነው። ሐይቅ ላይ ቡሽ ብትጥሉም እንደዚያው ነው፤ ማዕበሉ ወደ ዳር ይመጣል፣ ቡሹ ግን ባለበት ከፍ ዝቅ ይላል እንጂ አብሮ አይሮጥም። ተማሪዎቼ እዚህ ላይ ሁሌ ይደናቀፋሉ። አሁን አማርኛውን እዩት። ተዘናፈለ፣ ተውለበለበ፣ ተወዛወዘ፣ ተርገበገበ፣ ሁሉም ባለበት ላለ ነገር ናቸው። ቦታውን ለቆ ለሚሄድ ሌላ ግስ አለ፤ ጎረፈ፣ ተመመ፣ ተግተለተለ። ጥምቀት ላይ ሰው ወደ ጃንሜዳ ይተማል፣ አይዘናፈልም። ታቦት ፊት ቆመው የሚያሸበሽቡት ካህናት ግን እየተወዛወዙ ነው ቢባል ማንም አይቃወምም፣ ባሉበት ናቸውና። ስለዚህ ክፍል ውስጥ መጀመሪያ ፎርሙላ አልጽፍም። «ጤፉ ተመመ ይባላል ወይ?» ብዬ እጠይቃለሁ። አይባልም ይላሉ፣ ይስቃሉ። ለምን? ስላልሄደ። እሺ፣ ሞገድ ማለት ይሄ ነው እላቸዋለሁ።

የሚገርመው ሞገድ ራሱ ዛሬ በአፋችን ላይ ግስ የለውም። ሞገድ ይነሳል፣ ይጓዛል፣ ይሰራጫል እንላለን፣ «ሞገደ» ብሎ የሚናገር ሰው አላጋጠመኝም። ሞገደኛ ልጅ ግን በየክፍሉ አለኝ።

የአሽዶዷ እናት፦
እኔ እስራኤል ነው የምኖረው። ልጆቼ እዚህ ተወልደው ዕብራይስጡ ይቀድማቸዋል። ለነሱ ጋል ካሉ አለቀ፣ የባሕሩም ጋል ነው፣ የሬዲዮውም ጋል ነው፣ የወታደሩ ሬዲዮ ራሱ «ጋሌይ ጻሃል» ነው ስሙ፣ የሠራዊቱ ሞገዶች ማለት ነው። እኔ ባሕር ዳር ቆመን «ማዕበሉ መጣ» ስል ትንሹ «አማርኛው ማዕበል ነው ወይስ ሞገድ?» ብሎ ይይዘኛል። ምን ልበለው?

ሰሌዳና ጠመኔ፦
እህቴ፣ ባሕር ላይ ሁለቱም ይሆናል። ማዕበል ሲሉ ግን ተለቅ ያለው፣ የሚያስፈራው ይታየኛል። ትንሿን እግሩን የምትነካውን ሞገድ በለው፣ ሲሮጥ የሚያስመልሰውን ማዕበል። ሬዲዮ ላይ ግን ሞገድ ብቻ ነው። በልጅነታችን «በ31 ሜትር ባንድ አጭር ሞገድ» ሲባል የሰማነው ሜትር የአንዱ ሞገድ ርዝመት ነው፤ የሬዲዮ ሞገድ በሰከንድ 300 ሚሊዮን ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ 300ን ለ31 አካፍይና 9.7 ሜጋ ኸርዝ ገደማ ይመጣልሻል። ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 ላይ አንዱ ሞገድ ሦስት ሜትር ትንሽ ፈቀቅ ይላል። ትልቅ ልጅ ካለሽ ይህን ስጪው፣ ለትንሹ ማዕበሉ ይበቃዋል።

የጣና ዳር፦
ባሕር ዳር ያደገ ሰው ዝም አይልም። ጣና ላይ ጠዋት ውሃው ዝም ያለ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ሲነሳ ነው የሚናወጠው። ለዚህ ነው ወደ ገዳማቱ የሚሄድ ሰው በማለዳ ተነስ የሚባለው። የደንገል ታንኳ ላይ ያለ ሰው ሐይቁ ሲናወጥ ቁጭ ብሎ ነው የሚቀዝፈው፣ አይቆምም። ታንኳውም አይናወጥም ታዲያ፣ ይዋልላል። ሐይቁ ይናወጣል፣ ታንኳው ይዋልላል፣ ተሳፋሪው ሆዱ ይታወካል።

ጠያቂው፣ አለቃህን በዚህ አጽናናው። ይናወጣል ያለው ለጣና ቪዲዮ ሲደርስ ይሆነዋል።

የቢሾፍቱ ልጅ፦
😂 እነግረዋለሁ። ግን አንዴ ከከፈትኩት ልጨርሰው። ሌላ ቪዲዮ አለን፣ የስታዲየም። ደጋፊው ከአንድ ጥግ ጀምሮ በተራ ይነሳል ይቀመጣል፣ ዙሪያውን ይዞራል። በ1986 እ.ኤ.አ. የሜክሲኮው ዓለም ዋንጫ በቴሌቪዥን ያሰራጨው። ለሱስ ምን እንበል? «ደጋፊው ተመመ» ብዬ ነበር፣ አሁን ግን ፈራሁ።

ሰሌዳና ጠመኔ፦
ተመመ አይሆንም፣ ማንም ከወንበሩ አልሄደም። ጥሩ የፈተና ጥያቄ ነው፣ ሰረቅሁህ።

ሎሚ ተራ፦
ተዘናፈለስ?

የበቾ ሰው፦
ዛላ የለውማ።

ነገር በምሳሌ የማይገባው፦
ተወዛወዘ 😌

አሮጌው አራሚ፦
ለሰዎቹ «በተራ እየተነሱ ተቀመጡ» በል። ማዕበሉን ለብቻው ጻፈውና «ማዕበሉ ስታዲየሙን ሁለት ጊዜ ዞረ» በለው። የዞረው እሱ ነው፣ ዞረ ያንተ ግስ ነው። «የሰው ማዕበል» የምትለዋን ግን ተዋት፣ በየዜናው ለሰልፍም ለገበያም ለቀብርም እየተባለች አልቃለች።

የቢሾፍቱ ልጅ፦
ካታንጋ የሚባለው የመቀመጫ ክፍል ጋ ሲደርስ ግን ይቆማል፣ እዚያ ያሉት አልተነሱም።

አሮጌው አራሚ፦
እንግዲያው «ካታንጋ ላይ ተሰበረ» በል። ማዕበል ዳር ሲደርስ ይሰበራል።